ማክ ስቱዲዮን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣውን ሞዴል የሚመለከቱ ሲሆን፣ ዋጋዎቹም ያኔ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የተተመኑት ናቸው።

ማክ ስቱዲዮ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ነው? ከካርቶኑ ውስጥስ ምን ይወጣል?

ማክ ስቱዲዮ አፕል ለቪዲዮ፣ ለሙዚቃ፣ ለሥነ ሕንፃና ለመሳሰሉት ከባድ ሥራዎች የሚያቀርበው ትንሽ ዴስክቶፕ ነው። አራቱም ጎኖቹ 19.7 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ 9.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአልሙኒየም ሣጥን ስለሆነ ከሞኒተር ሥር ይገባል። የመጀመሪያው በማርች 2022፣ ሁለተኛው በጁን 2023 የወጣ ሲሆን የ2025ቱ ሦስተኛው ነው። በሁለት ዓይነት ቺፕ ይሸጣል፤ ኤም4 ማክስ ያለው ከ1,999 ዶላር፣ ኤም3 አልትራ ያለው ደግሞ ከ3,999 ዶላር ይጀምራል።

ከካርቶኑ የሚወጣው ኮምፒውተሩና የመብራት ገመዱ ብቻ ነው። ሞኒተር፣ ኪቦርድም ሆነ ማውስ የለውም፤ በጀት ሲያዝ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። አፕል የራሱን ባለ 27 ኢንች ሞኒተር በ2022 ያወጣው በ1,599 ዶላር ስለነበር፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የለመደ ሰው ሒሳቡ ወዲያው እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። ይሁን እንጂ ኤችዲኤምአይ ወይም ዩኤስቢ-ሲ ያለው ማንኛውም ሞኒተር፣ እንዲሁም ቤት ያለ ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ ያለ ችግር ይሠራሉ።

ማክ ሚኒ አይበቃኝም ወይ?

ይህን ጥያቄ ለሚያነሱ ለአብዛኞቹ ሰዎች መልሱ “ይበቃል” ነው። በ2024 መጨረሻ የወጣው የአፕል ትንሽ ዴስክቶፕ ማክ ሚኒ በኤም4 ቺፕና በ16 ጊጋባይት ሜሞሪ ከ599 ዶላር፣ በኤም4 ፕሮና በ24 ጊጋባይት ደግሞ ከ1,399 ዶላር ይጀምር ነበር። የሦስቱም ቺፖች፣ ማለትም የኤም4፣ የኤም4 ፕሮና የኤም4 ማክስ ዋና ዋና ኮሮች (ሥራውን የሚያከናውኑት የቺፑ ክፍሎች) የአንድ ትውልድ በመሆናቸው፣ ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ኢንተርኔት ላይ ለሚውል ወይም ፎቶ አልፎ አልፎ ለሚያስተካክል ሰው በሚኒውና በስቱዲዮው መካከል በእጅ የሚዳሰስ የፍጥነት ልዩነት የለም።

ልዩነቱ የሚወጣው ሥራው ሲከብድ ነው። የኤም4 ግራፊክስ 10 ኮር፣ የኤም4 ፕሮ እስከ 20 ኮር ሲኖረው፣ የኤም4 ማክስ ከ32 እስከ 40 ይደርሳል። የሜሞሪው ጣሪያም እንደ ቅደም ተከተላቸው 32፣ 64 እና 128 ጊጋባይት ነው። ስቱዲዮው ከፊት ለፊቱ የካሜራ ካርድ ማስገቢያ ያለው መሆኑ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ከሠርግ ቀረጻ ካርድ ይዞ ለሚመለስ ሰው ዋጋ አለው።

አሁን ያለኝ ኮምፒውተር እንዳልበቃኝ በምን አውቃለሁ?

“ዘገየብኝ” የሚለው ስሜት አያስተማምንም፤ የዘገየው ኢንተርኔቱ ወይም የተጨናነቀው ዲስክ ሊሆን ይችላል። ማክ ያለው ሰው የተለመደውን ከባድ ሥራውን ከፍቶ አክቲቪቲ ሞኒተር የሚባለውን ፕሮግራም ያስነሣና “ሜሞሪ” የሚለውን ክፍል ይመልከት። ከታች የሚታየው ግራፍ አረንጓዴ ሆኖ ከዋለ ሜሞሪው በቂ ነው። ወደ ቢጫ ከሄደና ከጎኑ “ስዋፕ” የሚለው ቁጥር ብዙ ጊጋባይት ከሆነ ግን፣ ኮምፒውተሩ ሜሞሪ አንሶት ዲስኩን እንደ ሜሞሪ እየተጠቀመ ነው ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በዊንዶውስም ታስክ ማናጀር ተመሳሳዩን ነገር ያሳያል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ሰውየው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ማታ ተጀምሮ ሌሊቱን የሚያድር ሬንደር (የመጨረሻው ምስል ወይም ቪዲዮ ተሰልቶ የሚወጣበት ሥራ) አምስት ሰዓት በመፍጀት ፈንታ በሁለት ሰዓት ቢያልቅ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ስለነበር ያተረፈው ነገር የለም። በአንጻሩ ኤዲተሩ የቀለም ማስተካከያ በጨመረ ቁጥር ምስሉ እየተቆራረጠ የሚያስቆመው ከሆነ፣ ወይም ደንበኛው አጠገቡ ተቀምጦ “እስኪ እንደገና አሳየኝ” እያለ አብሮ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የሚባክነው የሥራ ሰዓት ስለሆነ ወጪው ይመለሳል። ለስቱዲዮው መከፈል ያለበት እንዲህ ያለውን መጠበቅ ለማስቀረት ነው።

ስንት ጊጋባይት ሜሞሪ ልግዛ? በኋላስ መጨመር ይቻላል?

መጨመር አይቻልም። ሜሞሪው ከቺፑ ጋር በአንድ አካል የተሠራ ስለሆነ፣ በገዙበት ቀን የመረጡት መጠን ኮምፒውተሩ እስኪጣል ድረስ አብሮት ይኖራል። በዚህ ላይ ሜሞሪውን ዋናው ፕሮሰሰርም ግራፊክሱም የሚጋሩት ነው። ራሱን የቻለ 12 ጊጋባይት ያለው ግራፊክስ ካርድና 32 ጊጋባይት ራም ካለው ፒሲ ወደዚህ የሚመጣ ሰው፣ ሁለቱም ከአንድ ቋት እንደሚቀዱ አስቦ ሊመርጥ ይገባል።

መነሻው 36 ጊጋባይት ነው፤ በፎርኬ ቪዲዮ ኤዲት ለሚያደርግና ብዙ ትራክ ያለው ሙዚቃ ለሚያቀናብር ይበቃል። ባለብዙ ንብርብር የቪዥዋል ኢፌክት ሥራ፣ ትልልቅ የብሌንደር ትዕይንቶች ወይም ግዙፍ የኦርኬስትራ ናሙናዎች ካሉ 64 ይሻላል። ከ36 በላይ ለመሄድ ግን መጀመሪያ ባለ 16 ኮሩን ኤም4 ማክስ መምረጥ ግዴታ ስለሆነ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ዘሎ ይወጣል፤ 48 ጊጋባይት ሲሆን 2,499፣ 64 ሲሆን 2,699፣ 128 ሲሆን 3,499 ዶላር ነበር። በእኔ አስተያየት ከእነዚህ ሁሉ ለገንዘቡ የሚመጥነው ባለ 64ቱ ነው። 128ቱን መግዛት ያለበት ለምን እንደፈለገው በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችል ሰው ብቻ ነው።

ለማከማቻስ? 512 ጊጋባይት አያንስም?

ብቻውን ከሆነ ያንሳል፤ ግን እንደ ሜሞሪው መውጫ የሌለው አይደለም። ከ512 ጊጋባይት ወደ 1 ቴራባይት ለማሳደግ አፕል 200 ዶላር ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ያለውም ዋጋ ከገበያው ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። ኮምፒውተሩ ከጀርባው አራት ተንደርቦልት 5 የሚባሉ እጅግ ፈጣን መሰኪያዎች ስላሉት፣ ፈጣን ውጫዊ ኤስኤስዲ ገዝቶ የሚሠራበትን ፕሮጀክት እዚያ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ስለዚህ በጀት ካጠረ ገንዘቡ ለሜሞሪው ይዋል።

በዚህ ዋጋ ላፕቶፕ ብገዛ አይሻልም?

ያው ኤም4 ማክስ ቺፕ፣ 36 ጊጋባይት ሜሞሪና 1 ቴራባይት ማከማቻ ያለው ባለ 14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ 3,199 ዶላር ይሸጥ ነበር። በተመሳሳይ ማከማቻ ስቱዲዮው 2,199 ዶላር ስለሚሆን ልዩነቱ 1,000 ዶላር ነው። ነገር ግን ላፕቶፑ በዚያ 1,000 ዶላር እጅግ ጥሩ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ድምፅ ማጉያና ባትሪ ይዞ ይመጣል። እነዚህን ለብቻ መግዛት የሚኖርበት ሰው ሒሳቡን ሲደምር ልዩነቱ እንደቀለጠ ያያል።

ስቱዲዮው የሚያሸንፈው ሞኒተሩ ቀድሞ ላለውና ሥራውን ከአንድ ጠረጴዛ ለማያነሣ ሰው ነው። ከባድ ሥራ ለሰዓታት ሲጫነው ማራገቢያው ብዙም ሳይሰማ ይሠራል፤ በተለይ ድምፅ በሚቀረጽበት ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዊንዶውስ የለመድኳቸው ፕሮግራሞች ይሠሩበታል?

ብዙ ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ስለሆነ መቅደም ያለበት ይህ ነበር። ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ፕሪሚየር፣ ፎቶሾፕ፣ ብሌንደር፣ አርኪካድና ኩቤዝ ለማክ የተዘጋጀ ቅጂ አላቸው። ፋይናል ከትና ሎጂክ ደግሞ የአፕል የራሱ ስለሆኑ በዊንዶውስ ላይ አይገኙም። አውቶካድም የማክ ቅጂ አለው፤ ለዊንዶውስ የተሠሩ ተጨማሪ መሣሪያዎቹ ግን አይገቡበትም።

በሌላ በኩል ኢታብስ፣ ሬቪት፣ ሲቪል 3ዲ፣ ስሪዲኤስ ማክስ፣ ሶሊድዎርክስና በብዙ የአዲስ አበባ ቢሮዎች ሒሳብ የሚሠራበት ፒችትሪ የማክ ቅጂ የላቸውም። በድሮዎቹ የኢንቴል ማኮች ላይ ዊንዶውስን ለብቻው መጫን ይቻል ነበር፤ በአፕል ቺፕ የሚሠሩት ላይ ያ መንገድ ተዘግቷል። ፓራለልስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ለአርም ቺፕ የተዘጋጀውን ዊንዶውስ ማስነሣት ይቻላል፤ ለቀላል ሥራ ሊሄድ ቢችልም መሐንዲስ የዕለት እንጀራውን የሚያበስልበት ፕሮግራም በእንዲህ ዓይነት ድጋፍ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ሥራው በእነዚህ ላይ የተመሠረተ ሰው ያንኑ ገንዘብ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ባለው ፒሲ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ስለ አማርኛ አጻጻፍም ይጠየቃል። ማክ ከፋ የሚባል የግዕዝ ፊደል ፎንት አብሮት ይመጣል፤ የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደላት እየተየበ መጻፍ የለመደ ኪይማን የሚባለውን ፕሮግራም ሊጭንበት ይችላል። ፓወር ግዕዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ዩኒኮድ (ፊደላት በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት እንዲነበቡ የሚያደርገው መለኪያ) ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፎንቱ ካልተጫነ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይከፈታሉ፤ ኒያላ በተባለው የዊንዶውስ ፎንት የተጻፉት ይነበባሉ፣ ኒያላ ማሽኑ ላይ ከሌለ ግን በሌላ ፎንት ስለሚተኩ 40 ገጽ የነበረው ሰነድ 43 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለማተሚያ ቤት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን አስቀድሞ ይፈትሽ።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዴስክቶፕ መግዛት ተገቢ ነው?

ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ከሆነ ተገቢ አይደለም። ማክ ስቱዲዮ ባትሪ ስለሌለው መብራት በጠፋበት ቅጽበት ይጠፋል፤ እየተጻፈ ያለ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ደግነቱ ፍጆታው ትንሽ ነው። ኤም4 ማክሱ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ወደ 145 ዋት ገደማ ይወስዳል። ለሞኒተርና ለራውተር 70 ዋት ቢታከልበት 215 ዋት አካባቢ ይሆናል፤ 650 ቪኤ የተጻፈበት ተራ ዩፒኤስ በአብዛኛው ከ350 ዋት በላይ ስለሚችል ይሸከመዋል። የሚቆየው ግን ለጥቂት ደቂቃ፣ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነው። ዩፒኤስ ሲገዛ ቪኤውን ሳይሆን ዋቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ሻጩ በትልቁ የሚያሳየው ሁልጊዜ ቪኤውን ነው።

መብራት ጠፍቶ እየሠሩ መቀጠል የሚፈልጉ ከሆነ 1,000 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ከብክነቱ ጋር ለአራት ሰዓት ያህል ያሠራል፤ ቀለል ባለ ሥራ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ኃይሉ ዝቅ ሲል አይቸገርም። የሚያስፈራው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ወይም ከርካሽ ዲቫይደር ባይሰካ ይመረጣል። አየር የሚስበው ከሥሩ ስለሆነ አቧራ በሚበዛበት ቤት ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥም አይገባም።

ዘመድ ከውጭ ገዝቶ ቢልክልኝስ?

አፕል ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ መደብር ስለሌለው ብዙዎች የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። በመጀመሪያ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚለጠፈው ዋጋ የሽያጭ ታክስን አይጨምርም። ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ ታክሱ 6 በመቶ ስለሆነ በ3,499 ዶላር ላይ 210 ዶላር ገደማ ይታከላል። ዱባይ የሚገዛ ጎብኚ 5 በመቶ ከሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ አብዛኛውን ሲወጣ አየር ማረፊያ ላይ ማስመለስ ይችላል፤ እዚያ ነዋሪ የሆነ ሰው ግን አይመለስለትም። ኢትዮጵያ ሲገባ የሚጠየቀውን ቀረጥ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ከጉምሩክ ማረጋገጥ ይገባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ የሚወሰን ስለሆነም ካለፈው ዓመት የሰሙትን የብር ዋጋ መነሻ አያድርጉ።

በዋስትናው በኩል፣ ለአንድ ዓመት የሚሰጠው ዋስትና በተግባር የሚጠቅመው ዕቃውን ወደተፈቀደለት ጥገና ቤት ማድረስ ለሚችል ሰው ነው። ክብደቱ እንደ ቺፑ ከ2.7 እስከ 3.6 ኪሎ ስለሆነ መልሶ መላክ ይቻላል፤ ግን ተመላሽ ተጓዥ መፈለግ አለ፣ ሳምንታት መጠበቅ አለ። ስለዚህ ገዥው ዘመድ ካርቶኑን ሳይከፍት “እንደታሸገ ይድረሰው” ብሎ እንዳይልከው አጥብቀው ይንገሩት። ከፍቶ፣ ከሞኒተር ጋር አገናኝቶ፣ መሰኪያዎቹን ሁሉ ሞክሮ፣ ለጥቂት ሰዓት በከባድ ሥራ አስጨንቆ ይየው። አፕል ዕቃ የሚመልሰው በ14 ቀን ውስጥ ነው፤ ጉድለት ከተገኘ እዚያው መገኘቱ ይሻላል።

ኤም3 አልትራ ከኤም4 ማክስ በእጥፍ ይበልጣል ወይ?

ዋጋው በእጥፍ ይበልጣል፤ ፍጥነቱ እንደ ሥራው ነው። አልትራው ሁለት የኤም3 ማክስ ቺፖች ተገጣጥመው የተሠሩበት ሲሆን፣ ስሙ እንደሚነግረንም ከኤም4 ማክስ በአንድ ትውልድ የቀደመ፣ ማለትም የቆየ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ኮር ብቻ በሚሠራ ተግባር ርካሹ ኤም4 ማክስ ውዱን ይቀድመዋል። ፎቶሾፕ፣ አብዛኛው የንድፍ ሥራና የዕለት ተዕለት አጠቃቀም የሚውሉት እዚህ ውስጥ ነው።

አልትራው 28 ወይም 32 ኮር፣ የግራፊክስ ደግሞ 60 ወይም 80 ኮር ስላለው የሚበልጠው ሥራው ለሁሉም ኮሮች ሲከፋፈል፣ ለምሳሌ በሦስት አውታር (3ዲ) ሬንደር ወይም ብዙ የፕሮሬስ (የአፕል የኤዲቲንግ ቅርጸት) ቪዲዮዎችን በአንድ ጊዜ በመቀየር ነው። በተጨማሪም ሲወጣ እስከ 512 ጊጋባይት ሜሞሪ እንዲኖረው ማዘዝ ይቻል ነበር። ከእነዚህ አንዱም የማይመለከተው ሰው አልትራውን ቢገዛ የሚያገኘው ተጨማሪ ነገር ክብደቱን ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ቤቴ ውስጥ ለማስኬድ ይጠቅመኛል?

ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎችን ያለ ኢንተርኔት ማስኬድ ለሚፈልግ፣ ማክ ስቱዲዮ ከታዋቂዎቹ አማራጮች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ግራፊክሱ አብዛኛውን ሜሞሪ ሊጠቀምበት ስለሚችል ነው። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ግራፊክስ ካርድ እጅግ ፈጣን ቢሆንም የሚይዘው 32 ጊጋባይት ብቻ ነው። 70 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተማረውን የያዙ ቁጥሮች) ያለው ሞዴል በአራት ቢት ሲጨመቅ 40 ጊጋባይት አካባቢ ስለሚሆን እዚያ ካርድ ላይ አይገባም፤ 64 ጊጋባይት ስቱዲዮ ላይ ግን ይገባል።

መግባት ሌላ፣ መፍጠን ሌላ ነው። ሞዴሉ መልሱን ሲጽፍ እያንዳንዱን የቃል ቁራጭ ለማውጣት ያንን 40 ጊጋባይት በሙሉ ማንበብ አለበት። ባለ 16 ኮሩ ኤም4 ማክስ በሰከንድ 546 ጊጋባይት ስለሚያነብ፣ 546 ለ40 ሲካፈል በሰከንድ ከ13 ቁራጭ በላይ በንድፈ ሐሳብም አይቻልም፤ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ባለ 14 ኮሩ 410፣ አልትራው ደግሞ 819 ጊጋባይት በሰከንድ ያነባሉ። ረጅም ሰነድ ሰጥቶ መልስ መጠበቅ ላይ ደግሞ ከኤንቪዲያ ካርዶች በጣም ይዘገያል። ሞዴል ማሠልጠን የሚፈልግ፣ በተለይም በኩዳ (በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ብቻ በሚሠራው የፕሮግራም መድረክ) ላይ የተመሠረተ ኮድ ያለው ተመራማሪ፣ ይህን ኮምፒውተር ሊያስበውም አይገባም።

በተመሳሳይ መጠን ከአፕል ውጭ ምን አለ?

ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል። ፍሬምወርክ ዴስክቶፕ የኤኤምዲን ራይዘን ኤአይ ማክስ ቺፕ የያዘ 4.5 ሊትር ሣጥን ሲሆን፣ በ2025 ሲተዋወቅ ባለ 128 ጊጋባይቱ 1,999 ዶላር ነበር። ዊንዶውስና ሊኑክስ ስለሚጫንበት ከላይ የተዘረዘሩትን የምህንድስና ፕሮግራሞች ለሚፈልግ ሰው ይሆናል፤ ሜሞሪው ግን እንደ ማኩ የማይቀየር፣ የንባብ ፍጥነቱም 256 ጊጋባይት በሰከንድ ነው። የኤንቪዲያ ዲጂኤክስ ስፓርክ በበኩሉ 128 ጊጋባይት ይዞ በኦክቶበር 2025 በ3,999 ዶላር የወጣ ሲሆን ኩዳን ስለሚያስኬድ ለተመራማሪ ይመቻል። ለቢሮ ወይም ለቪዲዮ ሥራ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ያገለገለ የ2022 ሞዴል ባገኝስ? ምን ልፈትሽ?

ኤም1 ማክስ ያለው የመጀመሪያው ስቱዲዮ ዛሬም ለፎርኬ ኤዲቲንግ ጥሩ ነው፤ በ2025 የወጣው የማክ ሥርዓተ ክወና፣ ማክኦኤስ ታሆም፣ ይጫንበታል። ያው ታሆ ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው ስለሆነ፣ “ትልቅ ሜሞሪ አለው” ተብሎ የሚቀርብልዎትን የኢንቴል ማክ ግን በርካሽም ቢሆን አይውሰዱ።

የዋጋውን ያህል የሚያሳስበው ማሽኑ የማን እንደሆነ ነው። ከውጭ ኩባንያዎች ወጥተው የሚሸጡ ማኮች አንዳንዶቹ በድርጅቱ የርቀት ቁጥጥር መዝገብ ላይ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በቀድሞው ባለቤት የአፕል መለያ ተቆልፈዋል። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ዴስክቶፑ ሲታይ አይታወቁም። ስለዚህ ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት ሻጩ ፊት ለፊትዎ ከሴቲንግ ገብቶ ይዘቱን በሙሉ እንዲያጠፋው ይጠይቁ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ሲነሣ በስልክዎ ኢንተርኔት ያገናኙት። የማያውቁት ሰው የይለፍ ቃል ከጠየቀ ወይም “ይህ ማክ በድርጅት የሚተዳደር ነው” የሚል መልእክት ካመጣ አይክፈሉ። ሻጩ “ኢንተርኔቱን አሁን ተወው፣ ቤትህ ገብተህ ታገናኘዋለህ” ካለም እንዲሁ።